ሙሾው የጠፋበት ፋይል

ፋፋሊ ሆሆዌ ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የተበላሸ ጽሑፍ ታቃናለች። ሰው ሥራዋን ሲጠይቃት «የኮምፒውተር ነው» ብላ ታልፋለች፤ ዝርዝሩን ማስረዳት ከተወች ቆይታለች። ዋና ከተማው አክራ እያለችም መተዳደሪያዋ ይኸው ነበር። ድርጅቶች አሮጌ ማሽናቸውን ጥለው አዲስ ሲያመጡ፣ በአሮጌው የተጻፈው የሰው ስምና አድራሻ በአዲሱ ላይ የጠንቋይ ጽሑፍ መስሎ ይወጣል። እሷ ፕሮግራም ትጽፍና መልሳ ሰው የሚያነበው ታደርገዋለች። እናቷ አኮሲዋ ስትታመም ልታስታምማት መጣች፤ እናቷ ከሞተች በኋላም አልተመለሰችም። «ለምን ቀረሽ?» ሲሏት «ሻንጣዬ ከበደኝ» ትላለች።

ሆሆዌም ሥራ አላጣችም። እዚያ አገር የሚጻፈው ከባሕር ማዶ በመጣው ፊደል ነው፤ ግን ያ ፊደል ለአፋቸው ስላልበቃ የራሳቸውን ጨምረውበታል፤ አፉን የከፈተ ኦ፣ ጀርባዋን የሰጠች ኤ፣ ጅራት ያለው ን፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሰባት ይሆናል። ማሽን ሲያኮርፍ መጀመሪያ የሚውጠው እነዚህን ጭማሪዎች ነው። ፓስተሩ የመዝሙር ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። «ፋፋሊ፣ ባለፈው እሑድ መዘምራኑ ፊደሉ የጠፋበት ባዶ ሳጥን ላይ በደረሱ ቁጥር እየሳሉ አለፉት፤ ምእመናኑ ሳንባ ነቀርሳ ገባ ብለው ፈሩ» ይሏታል። እየሳቀች ታስተካክልላቸዋለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቶግቢ አግቤኮ ከተራራው ወርደው መጡ። ቶግቢ የሚባለው አያት ለሆነ፣ ለተከበረ ሰው ነው። ኬዳቦ የምትባለው የተራራ መንደር የፋፋሊ እናትም አገር ናት። ከተራራው በታች ያለው ሕዝብ ኤዌኛ ይናገራል፤ ኬዳቦዎች ግን የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ይሁንና ከአፍ ወደ አፍ እየሳሳ፣ አሁን ከልጆች አፍ ጨርሶ ወጥቷል ማለት ይቻላል። ፋፋሊ ራሷ ትሰማዋለች እንጂ አትናገረውም። «ትምህርት ቤት ይስቁብሻል» ብላ እናቷ በኤዌኛ ነው ያሳደገቻት። አኮሲዋ ግን በኬዳቦ ቋንቋ ሙሾ ስታወርድ እንኳን ዘመድ መንገደኛ ቆሞ ያለቅስ ነበር።

ቶግቢ አግቤኮ በጉልምስናቸው የሰበካ አስተማሪ ነበሩ። ያኔ ቋንቋ ልታጠና የመጣች አንዲት ፈረንጅ ኮምፒውተር ሰጠቻቸው፤ ለኬዳቦ ቋንቋ ብላ ያሠራችውን ፊደልም ጫነችላቸው። እሷ አገሯ ገብታ ሞተች። እሳቸው ግን ሥራውን አልተዉትም። ከቤት ቤት እየዞሩ የሽማግሌዎቹን ተረት፣ ከልቅሶ ቤት የሴቶቹን ሙሾ በቴፕ እየቀዱ፣ እየሰሙ፣ እየጻፉ አረጁ። ሙሾውን ካወረዱት ሴቶች ከታላቅ እህታቸው ከማማ ያዋ በቀር አሁን በሕይወት ያለ የለም።

ያ ጽሑፍ ያለበትን ፍላሽ በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል።

«የአኮሲዋ ልጅ፣ እንዴት አለሽልኝ?»

«ደህና ነኝ ቶግቢ። ዛሬ ተራራው እንዴት ለቀቀዎት?»

«የያዘኝ ጉልበቴ ነው እንጂ ተራራው ምን አደረገኝ! በይ ይቺን ክፈቺልኝ። የቋንቋ ኮሚቴው መጽሐፍ ይታተም ብሎ ወስኗል። ፊደሉ ግን... እኔ እንጃ፣ ሰካራም የጻፈው ነው የሚመስለው።»

ከፈተችው። ፍላሹ ላይ ጥቂት ፋይሎች አሉ፤ ተረቱ ለብቻ፣ ሙሾው ለብቻ። ከተረቱ ጀመረች። እውነትም ሰካራም የጻፈው ይመስላል፤ በቃላቱ መሀል የገንዘብ ምልክት፣ የተንጋደደ ጭረት፣ ባርኔጣ የደፋ ፊደል ተሰግስጓል። እሷ ግን ፈገግ አለች። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ፈረንጅዋ ያሠራችው ፊደል ለእያንዳንዱ የኬዳቦ ድምፅ አንድ ቁጥር ሰጥቶታል፤ የዛሬው ማሽን ያንኑ ቁጥር በሌላ ፊደል ያነበዋል። ስለዚህ የተንጋደደው ጭረት ሁልጊዜ የትኛው ፊደል እንደሆነ ከታወቀ ነገሩ አለቀ።

ሽማግሌውን አጠገቧ አስቀምጣ ስትጠይቅ፣ ሲመልሱላት፣ ስታዛምድ ቆየች። አጭር ፕሮግራም ጽፋ ስታስኬደው ገጹ በአንድ ጊዜ ጠራ። ቶግቢ መነጽራቸውን እያስተካከሉ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ፤ ዝንጀሮዋ አማቷን እንዴት እንዳታለለች የሚናገረውን ተረት ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። መሀሉ ላይ ሲደርሱ ሳቅ አሸነፋቸውና እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ደበደቡ።

«ይኸው ነው! ይኸው ነው የኔ ልጅ! ኮፊ ሽባው እንዲህ አድርጎ ነበር የሚያወራት። ነፍሱን ይማረው፣ ዛሬ ተነሣ!»

«ተረቱን አገኘን እንግዲህ» አለች ፋፋሊ፤ እሷም እየሳቀች። «ሙሾውን ደግሞ እንየው።»

የሙሾውን ፋይል ስትከፍት ሳቋ ከፊቷ ላይ ወዲያው አልጠፋም፤ ረሳችው። እዚህ የተንጋደደ ጭረት የለም፤ ባርኔጣ የደፋ ፊደል የለም። ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥቁር አልማዝ የመሰለ ቅርጽ ውስጥ የጥያቄ ምልክት። መስመሩ ሁሉ በእሱ ተበሳስቷል። ከሥር የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ምልክት ቁጥር አየች። አንድ ነው። ወደ ታች ወረደች። አንድ ነው። መጨረሻው ድረስ አንድ ነው።

እንዲህ ዓይነት ፋይል አክራም አይታለች። ማሽን የማያውቀው ቁጥር ሲገጥመው «ይኼን አላወቅሁትም» ለማለት ያንን ምልክት ያሳያል። ለዓይን ብቻ ከሆነ ግድ የለም፤ ቁጥሩ ከሥሩ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሰው እንደዚያው ከፍቶት ሴቭ ካደረገው ግን ማሽኑ የጥያቄ ምልክቱን ራሱን ይጽፈዋል፤ የድሮው ቁጥር እዚያው ይሞታል። ለኬዳቦ ቋንቋ የተሠሩት ልዩ ፊደላት ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ሆነዋል። በእኛ ፊደል ብናስበው ከለ እስከ ሎ ያለው ቤት ሁሉ ተደፍጥጦ አንድ ጭረት ሆኖ «በል አንብብ» እንደ መባል ነው።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ዓይኗ ቆመ። ከአንዱ ሙሾ ራስ ላይ የእናቷ ስም ተጽፏል፤ አኮሲዋ ይላል። ሙሉ ነው፤ አፉን የከፈተው ኦ ሳይቀር አለ። ዓይኗን እየጠረገች ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ምን አየሽ?» አሉ ቶግቢ።

«ቶግቢ... ይኼኛው ጠፍቷል።»

«የቱ?»

«ሙሾው። ፊደላቱ ጠፍተዋል።»

«ያው እንደ ተረቱ ነዋ። አዛምጂያቸው።»

«የሚዛመድ የለም። ሁሉም አንድ ሆነዋል።»

ሽማግሌው ስክሪኑን አዩ፤ እሷን አዩ። «ተደብቆ ነው እንጂ ፊደል የት ይሄዳል?»

ሌላ ቅጂ እንዳለ ጠየቀቻቸው። ላፕቶፓቸው ላይ ያለው ያው ይኸው ነው። ድሮ የታተመ ወረቀት ነበረ፤ ምስጥ በልቶታል። ቴፑስ? ቴፕ ያኔ የሚገኝ ነገር አልነበረም፤ ጽፈው ሲጨርሱ በላዩ ላይ ሌላ ይቀዱበት ነበር። አሮጌው ኮምፒውተርስ? ጣሪያው ሲያፈስ ውኃ ገብቶበት ተጣለ። እያንዳንዱን ሲመልሱ ድምፃቸው እየቀነሰ ሄደ። ከዚያ ድንገት በትራቸውን መሬት ላይ መቱና ብድግ አሉ።

«ሴፋኮር ናት! ሌላ ማንም አይደለም። ፍላሹ ላይ የገለበጠችው እሷ ናት። ያንን ማሽን እኮ በጥፊ ነው የምትመታው!»

ሴፋኮር የቋንቋ ኮሚቴው ጸሐፊ ናት፤ ቢሮውን የምትጠርግም የምትቆልፍም እሷው ናት።

«ቶግቢ፣ ገና ምኑንም አላወቅንም» አለች ፋፋሊ።

«እኔ ግን አውቄዋለሁ!»

ተደግፈው ወጡ። ከሰዓት በኋላ ፋፋሊ ቅጂ ፍለጋ ወደ ፈረንጅዋ ዩኒቨርሲቲ ጻፈች፤ ከሳምንታት በኋላ ትሕትና የተሞላ መልስ መጣላት። የሴትዮዋ ዕቃ ሲወገድ ዲስኮቹም አብረው ተወግደዋል ይላል።

ያን ጊዜ የቀረው የቶግቢ ማስታወስ ብቻ ሆነ። ፋፋሊ ቅዳሜ ቅዳሜ ላፕቶፗን ይዛ ኬዳቦ መውጣት ጀመረች። ከቶግቢ ቤት ደጃፍ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። እሷ ቀዳዳ ቀዳዳውን እየዘለለች ታነባለች፤ እሳቸው ይሞላሉ። ማማ ያዋ አጠገባቸው ባሚያ እየከተፉ ይሰማሉ፤ የሚሰሙ ግን አይመስሉም።

መጀመሪያ መጀመሪያ ጥሩ ሄደ። ቶግቢ ገና ግማሽ መስመር ሳታነብላቸው ይቀጥሉታል። ተስፋ አደረገች፤ ተራራውን ስትወርድ እያፏጨች ነበር። እየቆየ ግን መቆም አበዙ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ረጅም ጊዜ ይቀመጣሉ።

«'እናቴ እንዲህ ይዛ ሄደች' ይላል» አለች አንድ ቅዳሜ። «'እንዲህ' ያልኩት ቀዳዳው ነው። መሀሉ ላይ አንድ ፊደል ጎድሏል።»

«መንገድ ነው። 'እናቴ መንገድ ይዛ ሄደች'።»

«ሌላ ፊደል ቢገባስ?»

«ሌላ ከገባማ... ዱባ ይሆናል።»

ማማ ያዋ ቢላቸውን አስቀመጡ። «ዱባ በለው! 'እናቴ ዱባ ይዛ ሄደች'! አንተ ሽማግሌ፣ ሬሳዋን ገበያ ልትሰዳት ነው?»

«ዝም በይ ያዋ! መንገድ ነው አልኩ እኮ!»

«እኔ ምን አልኩህ? ዱባውን ያመጣኸው አንተ!»

ፋፋሊ ሳቀች፤ ቶግቢም ሳይወዱ ሳቁ። «መንገድ» ብላ ጻፈች።

ከጥቂት ገጽ በኋላ ያው ስንኝ በሌላ ሙሾ ውስጥ ተደግሞ መጣ፤ ሙሾ ስንኝ ይዋዋሳል። አነበበችላቸው። ቶግቢ ሳያመነቱ መለሱ። «'እናቴ ዝናብ ይዛ ሄደች'። ዝናብ ነው።»

ጣቷ ቁልፉ ላይ ቀረ። «ቅድም መንገድ ብለውኝ ነበር።»

«ቅድም ሌላ ነው።»

«አንድ ነው ቶግቢ። ሆሄው ሁሉ አንድ ነው።»

ወደ ኋላ ተመልሳ የሞሉትን ማየት ጀመረች። አንዱ ቃል እዚህ እንዲህ፣ እዚያ እንዲያ ሆኗል። ሁሉንም በዚያው እርግጠኛ ድምፅ ነበር የነገሯት። አላወቅሁም ያሉበት አንድም ቦታ የለም። እያስታወሱ ሳይሆን እየፈጠሩላት እንደነበር ገባት፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ግን መለየት አትችልም። የቅዳሜዎቹ ድካም ሁሉ ምኑ እውነት ምኑ ፈጠራ እንደሆነ የማይታወቅ ክምር ሆነ። ቶግቢ ፊቷን አይተው ተረዱ መሰለኝ፣ ሙቀቱ በዛ ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ወደ ማማ ያዋ ዞረች። «ማማ፣ እርስዎ ያውቁታል አይደል? አንዴ ብቻ ያውርዱልኝ። በስልኬ ልቅዳው።»

ባሚያው ከእጃቸው ቆመ። «ሬሳ ሳይኖር ሙሾ? ማንን ልጥራልሽ? ራስሽን ነው ወይስ ያን ሽማግሌ?»

«ለመጽሐፍ ነው እኮ ማማ...»

«ሞት አንዴ ከተጠራ 'ለመጽሐፍ ነው' ቢሉት አይመለስም። እናትሽ ብትኖር በጥፊ ታጮልሽ ነበር።»

በዚያው ሰሞን ኮሚቴው ተሰብስቦ ሴፋኮርን አሰናበተ። ቶግቢ ተነሥተው በእንባ ተናገሩ፤ ሽማግሌ ሲያለቅስ ማን ይከራከራል? መንደሩ ሁሉ «ሙሾአችንን ያጠፋች» ይላት ጀመር። የውኃው ቦንባ ጋ ሴቶቹ ቦታ ከለከሏት፤ ጠቅልላ ወደ ሆሆዌ ወረደች። ከዚያ አንድ ቀን ፋፋሊ ክፍል በር ላይ መጥታ ቆመች።

«ግቢ ዳቪ» አለቻት ፋፋሊ፤ ታላቅ እህትን እንዲያ ነው የሚሏት።

«አልቀመጥም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንቺ ይኼን ነገር ታውቂያለሽ ይላሉ። እኔ ፋይሉን ከሳቸው ላፕቶፕ ወደ ፍላሽ ገለበጥኩት። አልከፈትኩትም። መገልበጥ ያጠፋል?»

«መገልበጥ አያጠፋም።»

«ታዲያ ማን አጠፋው?»

«አላውቅም ዳቪ።»

ሴፋኮር ትክ ብላ አየቻት። «እወቂያ! ሥራሽ አይደለም እንዴ?»

ከሄደች በኋላ ፋፋሊ ፋይሉን እንደገና ከፈተችው። ወደ እናቷ ስም ወረደች። ያኔ ነው ያየችው፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ፊት ለፊቷ ሆኖ ልቅሶ የጋረደባት ነገር። በዚያ ሁሉ ጥያቄ መሀል የእናቷ ስም ብቻ ሙሉ የሆነው ለምንድን ነው? ቁጥሩን አየች። የፈረንጅዋ ቁጥር አይደለም፤ የዛሬ ማሽን ቁጥር ነው። ይህን ስም የጻፈው ሰው ፋይሉን በአዲስ ማሽን ከፍቶ ነው የጻፈው። ጽፎም ሴቭ አድርጎታል። ሌላው ሁሉ የሞተው በዚያች ቅጽበት ነው።

የጻፉት ቶግቢ እንዳይሆኑ እየለመነች በማግስቱ ተራራውን ወጣች። ቶግቢ ከማንጎው ሥር ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«ቶግቢ፣ ከሙሾው ራስ ላይ የእናቴን ስም ማን ጻፈው?»

ፊታቸው በራ። «አየሽው? እኔ ነኛ! እናትሽን የቀበርን ሰሞን ነው። ልጄ ከአክራ ይኼን ላፕቶፕ ልኮልኝ ነበር፤ የኤዌኛውንም ፊደል ጭኖልኛል። አኮሲዋ ይህን የመሰለ ሙሾ ሰጥታኝ ስሟ እንኳ አልተጻፈም ብዬ ከነከነኝ። ከፈትኩና በአንዲት ጣቴ እየለቀምኩ ጻፍኩት። ማሽኑ ላስቀምጠው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ እሺ አልኩት።»

«ያኔ ጽሑፉ እንዴት ነበር? የሚነበብ ነበር?»

«ጥቁር ጥቁር ነገር ነበረበት። ዓይኔ ነው ብዬ... ያኔ ሞራው ሳይወጣልኝ...»

አልጨረሱትም። ፋፋሊ አፏን ከፍታ «አይደለም፣ ሌላ ነው» ልትላቸው ፈለገች፤ ግን ሴፋኮር የክፍሏ በር ላይ እንደ ቆመች በሐሳቧ ታየቻት። ሽማግሌው ከፋፋሊ ፊት ላይ ሁሉንም አነበቡት። በትራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው መሬት ላይ አጋደሙት።

«እኔ ነኝ?» አሉ በመጨረሻ።

«ማሽኑ ነው ቶግቢ። እርስዎ አላወቁም።»

«እሺ ያልኩት እኔ ነኝ ወይ ነው የምልሽ።»

«አዎ።»

ከቤቱ በስተጀርባ ለፉፉ የተቀቀለ ካሳቫ የሚወቅጥ ሰው የሙቀጫ ድምፅ ይሰማል። ቶግቢ እሱን የሚያዳምጡ ይመስሉ ነበር።

«ያዋ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ያቺስ ልጅ? ሴፋኮር?»

«አታውቅም። ግን መንገር አለብን ቶግቢ።»

«እኔ እነግራቸዋለሁ። አንቺ ተይው፤ በኔ አፍ ይሁን።»

እሺ አለቻቸው። ያን እሺ በኋላ ብዙ ጊዜ ታስበዋለች። ሌላ ምን ልትል ትችል ነበር? የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ በአፌ ልናገር ሲላት በየት በኩል እምቢ ትበል?

አልተናገሩም። ኮሚቴው ሲሰበሰብ በትራቸውን ተደግፈው ይነሣሉ፤ ሁሉም ጸጥ ይላል፤ «ጉልበቴ...» ብለው መልሰው ይቀመጣሉ። ፋፋሊ ደውላ «ነገሯቸው?» ስትላቸው «በሚቀጥለው» ይሏታል። እየቆየም ስልኩን ማንሣት ተዉ። ከሰሜን አቧራ ይዞ የሚመጣው ነፋስ ሲጀምር ምግብ እምቢ አላቸው። አክፕሌውን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ በወጡ ነክረው ይይዙታል፤ ወደ አፋቸው ሳይደርስ ሳህኑ ላይ ይመለሳል። ሊጠይቁ የመጡ ሁሉ «የሙሾው መጥፋት ነው የጣላቸው፤ ያቺ ሴት ናት» ይሉ ነበር። ቶግቢ ይህን ከአልጋቸው ሆነው ይሰሙታል፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

ሲሞቱ ፋፋሊ እየተንገበገበች ኬዳቦ ወጣች። ሬሳው ገና ከቤት ሳይወጣ ማማ ያዋ ከደጃፉ ተቀመጡ፤ ነጠላ ጨርቃቸውን ወገባቸው ላይ አጠበቁና ሙሾ አወረዱ። ድምፃቸው ያረጀ ነው፤ ግን ለቀስተኛው ሁሉ ባለበት ቆመ። ፋፋሊ ልትቀዳው ስልኳን አውጥታ ከአጠገባቸው ተንበረከከች። አንዱን ጨርሰው ሌላውን ጀመሩ፤ የፋፋሊ እናት ሙሾ ነበር። ከዚያ ግቢው በር ላይ የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ድምፅ ማጉያቸውን አቆሙና መዝሙር ለቀቁበት። የማማ ያዋ አፍ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ የሚሰማ ነገር የለም። ፋፋሊ ሮጣ «እባካችሁ ጥቂት ዝቅ አድርጉት!» ብላ ጮኸች። አንዱ ጆሮውን ወደ እሷ አስጠግቶ ፈገግ እያለ ከፍ አደረገው። ስትመለስ ማማ ያዋ ዝም ብለዋል።

የተቀዳችውን ጥቂት ከፋይሉ ጋር አስተያየቻት። የእናቷን ሙሾ ግማሽ ገጽ ያህል መሙላት ቻለች። ቶግቢ ከሞሉላት ውስጥ ልክ የሆነው እዚህም እዚያም ብቻ ነበር። «እናቴ እንዲህ ይዛ ሄደች» ያለው መንገድም፣ ዱባም፣ ዝናብም አልነበረም፤ ሰምታው የማታውቀው ቃል ነው። ማማ ያዋን ልትጠይቅ ወጣች።

«አሮጌ ቃል ነው» አሉ ማማ ያዋ፤ አላዩዋትም። «እኔ ሲባል ሰምቼ ነው የምለው። ትርጉሙን የምታውቀው እናትሽ ነበረች።»

ፋፋሊ ወደ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ቤት ሄደችና ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስለ ስሙ፣ ስለ ቁጥሩ፣ ቶግቢ በአፋቸው ስላሉት። ሰውየው ጨዋ ናቸው፤ መጠጥ አቀረቡላት፤ እስክትጨርስ አዳመጧት።

«ልጄ፣ ሳር ያልበቀለበት መቃብር ነው። አሁን ምን ይሁን ነው የምትይው?»

«ሴፋኮር አላጠፋችውም። ይኼ ይነገር።»

«እሳቸውስ በሕይወት እያሉ ለምን አልተናገሩም? አየሽ፣ ያንቺ ነገር ቁጥር ነው። ቁጥር ለሰው እንዴት ይነገራል? መጽሐፉ በስማቸው ይወጣል፤ ቤተሰቡም ይደሰታል። ይኼን ነገር እዚሁ እንተወው።»

መጽሐፉ ወጣ። ቀጭን ነው፤ ተረቱ ብቻ አለበት። ፊደሉን ያቃናችው ፋፋሊ ስለሆነች አንድም አልጎደለም። መግቢያውን ግን ሌላ ሰው ነው ያስገባው፤ የኬዳቦ ሙሾ በአንዲት የቢሮ ሠራተኛ ቸልተኝነት እስከ ወዲያኛው መጥፋቱን በሐዘን ይገልጻል። ስሟ አልተጠራም። ለኬዳቦ ሰው መጥራት አያስፈልግም።

ፋፋሊ መጽሐፉን አልያዘችም፤ ባዶ እጇን ወደ ገበያ ሄደች። ሴፋኮር ከዓሣ ሻጮቹ ማዶ ቲማቲም ዘርግታ ትሸጣለች። ፋፋሊ ከመደቡ ፊት ቁጢጥ ብላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻት። ሴፋኮር ቲማቲሙን በጨርቅ መወልወሏን አላቋረጠችም።

«ይኼን ለነሱ ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው። አልሰሙኝም።»

«እሳቸውስ እያሉ? ያኔ ታውቂ ነበር?»

ፋፋሊ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። «በአፌ እነግራቸዋለሁ ብለውኝ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ ዳቪ። ሌላ የምልሽ የለኝም።»

«ታዲያ ለኔ ምን ልትነግሪኝ መጣሽ? እኔማ እንዳላጠፋሁት አውቅ ነበር» አለች ሴፋኮር። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ እንኳ አልነበረበትም። ከኋላ አንዲት ሴት ቅርጫት ይዛ ቆማ ነበር። «ትንሽ ገለል በይልኝ፤ ደንበኛዬ መጥታለች።»

ፋፋሊ ገለል አለች።